ያልነገርኩህ የቅዳሜ ውጤት

የኔ ገመቹ፣

ከተለየኸኝ ስምንት ወር ከአሥር ቀን ሆነ። አርባህንም መንፈቅህንም አውጥቻለሁ። ዘመድ ሁሉ «በቃሽ፣ ሐዘንም እኮ ልክ አለው» ይለኛል። ልኩ የት ላይ እንደሆነ የሚያሳየኝ ግን አላገኘሁም።

ኳስ ማሳያ ቤቱን ዘግቼዋለሁ። አግዳሚዎቹን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁ፤ ቴሌቪዥኑን ልጃችን ሲፈን በነጠላ ሸፍና አስቀምጣዋለች። ሰዉ አሁን ጨዋታውን በየስልኩ ነው የሚያየው። ከያዮ ማር የሚያመጣልን ጋሽ ነጋሳ በቀደም በር ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ የሱ ድምፅ ከሌለበት ኳስ አይገባኝም» ብለው አለቀሱ። ድምፅህን የቀዳ ሰው ይኖር እንደሆነ መቱ ከተማን ቤት ለቤት አዳርሼ ጠየቅሁ። ስልኩን ፈትሾ የሚሰጠኝ ሁሉ የሕዝብ ጩኸት ብቻ ነው። እኔም ራሴ ቀድቼው አላውቅም። አጠገቤ ያለ ሰው ድምፅ ይጠፋል ብሎ ማን ያስባል?

ስንጋባ ፀጉር አስተካካይ ነበርክ። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ሬዲዮህን ጆሮህ ላይ ለጥፈህ የእንግሊዝን ሊግ ውጤት ትሰማና በራፍህ ላይ ባለው ሰሌዳ በጠመኔ ትጽፈው ነበር። ከገበያ የሚመለሰው ሰው ሁሉ ሳያነብ አያልፍም። አንድ ቀን ሬዲዮው ሲንሿሿ አቻ የወጣውን አሸነፈ ብለህ ጻፍክ። ስህተቱን ያወቅኸው በማግስቱ ነው። ከኡካ መጥተው ደስ ብሏቸው የተመለሱ ሰዎች ስለነበሩ መኪና ተሳፍረህ እስከዚያ ሄድክ። ተው ብልህ፣ «ተጫዋች ያታልላል፣ ዳኛ ይሳሳታል፤ ውጤት ግን ሰው ጋ ሲደርስ እንደወጣ መድረስ አለበት» አልከኝ። ያኔ ስቄብህ ነበር።

ዲሽ ሲመጣ መቀሱን አስቀመጥክ። የእንግሊዝኛውን ድምፅ ታጠፋና ማይክራፎንህን ከሞንታርቦው ጋር አያይዘህ ራስህ ታስተላልፍ ነበር። ኳሱን በአማርኛ ይዘህ ትመጣለህ፣ ግቡ ጋ ስትደርስ በኦሮምኛ «ገልቼ»፣ አገባ፣ ትላለህ፣ ቤቱ ይናጋል። በየዓመቱ ማን ዋንጫ እንደወሰደ፣ ማን እንደወረደ፣ የትኛው ተጫዋች ከየት እንደመጣ ለሽማግሌውም ለተማሪውም ስትተነትን እኔ በመጋረጃው ቀዳዳ ኳሱን ሳይሆን አንተን ነበር የማየው።

ጉሮሮህን ሲያምህ የጩኸት ነው ብለን ዝንጅብል በማር ስንግትህ ከረምን። ጅማ ስንደርስ ሐኪሙ እብጠት ነው፣ ድምፅ የሚወጣበት ቦታ መቆረጥ አለበት አለን። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልወጣህም። ስለ ኳስ ደንታ ያልነበረኝ እኔ አፍህ ሆንኩ። አንተ ደብተር ላይ ትጽፋለህ፣ እኔ በማይክራፎኑ አነባለሁ። የተጫዋቾቹን ስም ሳጣምም ሰዉ ይስቃል፤ አንተም ትከሻህ እስኪነቃነቅ ትስቅ ነበር። ከሕይወታችን ሁሉ ያንን ጊዜ ብቻ ቢመልሱልኝ ሌላ አልጠይቅም።

በሽታው ተመልሶ መጥቶ ሆስፒታል ስትገባ ሊጉ ሊያልቅ ሁለት ጨዋታ ቀርቶት ነበር። ቡድንህ ከስንት ዓመት በኋላ ዋንጫውን ሊያነሳ ነው ይባላል። የዚያን ቅዳሜ መብራትም ኔትወርክም ጠፋ። ሲፈን ከባትሪ ሬዲዮ ሰምታ መጣችና ኮሪደሩ ላይ በጆሮዬ ነገረችኝ። ስገባ ደብተሩን ደረትህ ላይ ይዘህ ትጠብቀኝ ነበር።

አሸነፉ አልኩህ። ሁለት ለባዶ።

እስክሪብቶውን በሁለት ጣትህ ይዘህ «ማን አገባ?» ብለህ ጻፍክ። ይህን አላሰብኩበትም ነበር። አፌ ላይ የመጣልኝን ስም ጠራሁ። ረጅም ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየኸኝ። ከዚያ ደብተሩን ዘጋህና እጄን ያዝክ። ከዚያ ወዲያ ምንም አልጻፍክም። ሰኞ ጠዋት ሄድክ።

ያ የጠራሁት ተጫዋች ቡድኑን ከለቀቀ ሁለት ዓመት እንዳለፈው ሲፈን የነገረችኝ ልቅሶ ላይ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ላንተ የማለቅስ መስሎት ያዘኝ።

እውነቱን አሁን ስማኝ። ሁለት ለአንድ ተሸነፉ። ቀድመው አግብተው ነበር፤ ሁለቱም የገቡባቸው ሊያልቅ ሲል ነው። ዋንጫውም ለሌላ ሆነ።

ሳታውቅ ሄደህ ከሆነ ዕድሜህን ሙሉ የጠላኸውን ነገር አልጋህ ላይ አጉርሼ ሸኘሁህ። አውቀህ ከሆነ ደግሞ ሽንፈቱንም ሞቱንም ብቻህን ተሸክመህ፣ እኔ አጠገብህ ሆኜ ፈገግ እያልኩ፣ ብቻህን ሄድክ ማለት ነው። የቱ እንደሚሻል አላውቅም። ለአባ ተናዝዣለሁ፤ እግዜር ይፍታሽ አሉኝ። እኔ የምፈልገው ግን አንተ እንድትቆጣኝ ነው። አንድ ጊዜ ብትቆጣኝ እተኛ ነበር።

ስላንተ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህንንም አልደብቅም። ለሲፈን ልጆችም፣ እግዜር ሲሰጣት፣ ማን እንደነበርክና በመጨረሻ ምን እንዳደረግሁህ እንደሆነው አድርጌ እነግራቸዋለሁ።

ሚስትህ ዓለሚቱ