የማይጠፋው ስክሪን

ወንድም ጋሼ፣

የምንኖርባት መኪና ኋላ ላይ ካሜራ ገጥሜልሃለሁ። ስክሪኑ መሪው አጠገብ ነው። ገመዱን ከኋላ ማርሹ ሳይሆን ከማስነሻው ቁልፍ ጋር ስላገናኘሁት ወደፊት ስትነዳም አይጠፋም። ማጥፊያ አትፈልግ፣ የለውም።

ያን ቀን መኪናዋን ወደ ኋላ ስትነዳ ከኋላህ ቆሜ «ና፣ ና፣ በቃ!» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኬያለሁ። አንተ ዘፈንህን ከፍ አድርገህ ለቀህ በጎማው እግሬ ላይ ወጣህ። ከዚያ ለእማዬ «ዝም ብላ ቆማ ነው» አልካት።

አመነችህ።

ስገጥም የጎን መስታወትህን ሰብሬዋለሁ፣ ይቅርታ። አየህ፣ አንተ ያላልከኝ ቃል አያንቅም።

አሁን ያለ ድጋፍ እሄዳለሁ። ክራንቼን ከመኪናዋ ኋላ ባለው መሰላል ላይ፣ ካሜራው ፊት አስሬልሃለሁ፤ በሄድክበት ሁሉ ይታይሃል። በብሎን ነው ያጠበቅኩት።

መፍቻውን ይዤው ሄጃለሁ።

እህትህ