ልጃችን ብለው ፋይል አደረጉኝ

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 8

ዛሬም ከቸርች መልስ ቤቱ በሰው ተሞላ። የታክስ ሰሞን ነው። የእማ ባል ጋሼ እሸቱ ላፕቶፑን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ የሁሉንም ታክስ ፋይል ያደርጋል። በአዘቦት ቀን ግሮቭ ሲቲ፣ ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ የሚያነሳ ፎርክሊፍት ይነዳል። እሑድ ግን የሰው ሁሉ አካውንታንት ነው። ገንዘብ አይቀበልም። "ኦዲት እንዳይመጣብኝ ጸልዩልኝ፣ ይበቃኛል" ይላቸዋል። ሁሌ ያችው ቀልድ ናት፣ ሁሌ ይስቃሉ።

እኔ ሻይ አቀርባለሁ፣ ኩባያ አነሳለሁ። ሰው ሲበዛ እጄን የት እንደማደርገው ይጠፋኛል። ኩባያ ሲይዝ ይሻለዋል።

በመጨረሻ የራሱንና የእማን ጀመረ። "ሔራን፣ ነይ ሶሻል ቁጥርሽን ንገሪኝ" አለኝ። ነገርኩት።

"ጥገኛ የሚለው ላይ ዝምድና ይላል... ምን ልበል?"

እማ ከኪችን፣ "ምን ልበል ይላል እንዴ ሰውዬው? ልጄ ናት በላ" አለችው።

ሴት ልጅ የሚለውን መረጠ። ከእንግዶቹ አንዷ እትዬ ሰሎሜ፣ "እውነትም ቁርጥ አንቺን፤ አፍንጫዋን እዪው" አሏት። እማ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። አፍንጫው የአያቴ ነው። ማንም አላረመም... እኔም።

ደስ ብሎኝ ነበር። እዚህ ብቻ ነው የምጽፈው።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 10

እናቴ ስትሞት አስራ አንድ ዓመቴ ነበር። እማ ናት ከዚህ ሆና ያስተማረችኝ፣ በተማሪ ቪዛ ያመጣችኝም እሷ። መጀመሪያ "እትዬ ስመኝ" ነበር የምላት። ባለፈው ክረምት ትኩሳት ይዞኝ ሳላስበው "እማ" አልኳት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ቆይታ፣ "ሾርባው ይቀዘቅዛል" አለችኝ።

ልጅ የላቸውም። ብዙ ሞክረው የተዉት ነገር ነው። ቤት ውስጥ አይነሳም።

ረቡዕ፣ ማርች 4

ኮሌጅ ከውጭ አገር የመጣን ተማሪዎችን ኮምፒውተር ክፍል ሰበሰቡን። ታክስ ልንሞላ። ካፍቴሪያው ውስጥ ስለምሠራ እኔም አለብኝ።

ጓደኛዬ ፍርዶስ በር ላይ እየጠበቀችኝ ሳቀችብኝ። እሷ ከነቤተሰቧ በዲቪ ነው የመጣችው። "ወንድሜ ሶፋ ላይ ተኝቶ በስልኩ ፋይል አደረገልኝ። አንቺ ግን እንደ ፈተና ትጨነቂያለሽ" አለችኝ። የእኛ ፎርም ሌላ ነው። የተማሪ ቪዛ ያለው ሰው የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ለታክስ እንደ ነዋሪ አይቆጠርም። እዚህ እበላለሁ፣ እዚህ እተኛለሁ፣ ግን ነዋሪ አይደለሁም... ገርሞኝ ነበር። ከዚያ በላይ አላሰብኩበትም።

አንድ ጥያቄ መጣ። ሌላ ሰው በራሱ ታክስ ላይ አንቺን ጥገኛ ብሎ ሞልቷል? አዎ አልኩ። የኮሌጁ የውጭ ተማሪዎች አማካሪ የሆነችው ሴትዮ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ማን ነው የሞላሽ?"

"እናቴ።"

"እናትሽ እዚህ ናት?"

"አዎ።"

ፋይሌን ከፍታ አየች። ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ሔራን፣ እዚህ እናትሽ በሕይወት የለችም ይላል። ስፖንሰርሽ አክስትሽ ናት።"

ክፉ ሰው አይደለችም። ግን ምን ልበላት? የእህት ልጅ ያው ልጅ ነው፣ እኛ ጋ ማንም አይጠይቅም... ይሄን በእንግሊዝኛ ማስረዳት አልችልም። በአማርኛም እንጃ። "አክስቴ ናት" አልኳት። ቆይቼ ደግሞ "ግን እናቴ ናት" አልኩ። ጎኔ ያለው ልጅ ዞር ብሎ አየኝ። ጆሮዬ ጋለ።

ልጅም ቢሉኝ፣ የእህት ልጅም ቢሉኝ አይቻልም አለችኝ። በእኔ ቪዛ ማንም ጥገኛዬ ብሎ ሊሞላኝ አይችልም። ማስተካከል አለባቸው። ዝም ከተባለ ነገ የመኖሪያ ወረቀት ሳስለውጥ ጥያቄ ይመጣል፣ ለእኔም ለእነሱም።

ሐሙስ፣ ማርች 5

አልነገርኳቸውም።

ማክሰኞ፣ ማርች 10

እማ ከሥራ ወጥታ ፖላሪስ የገበያ ማዕከል ወሰደችኝ። የምትንከባከባቸው አሮጊት ዛሬ ስሟን አስታውሰው ጠርተዋታል፣ በዚያ ደስ ብሏታል። መኪና ውስጥ ልነግራት ሦስቴ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። "ጉንፋን ነው?" አለችኝና ማሞቂያውን ከፍ አደረገችው።

ሱቅ ውስጥ ጫማ አስለካችኝ። ለሻጯ በእንግሊዝኛ፣ "ልጄ እግሯ ቀጭን ነው፣ ሰፊ አትስጫት" አለቻት።

እንዴት አድርጌ ልንገራት?

ቅዳሜ፣ ማርች 14

ለጋሼ ነገርኩት። ጋራዥ ውስጥ የመኪናውን ዘይት እያየ ነበር። መጀመሪያ ሳቀ። "የቸርቹን ግማሽ ፋይል ያደረግኩ ሰውዬ እኮ ነኝ። የኮሌጅ ሴትዮ ልታስተምረኝ ነው?" አለ። እኔ አልሳቅኩም። እጁን ጠርጎ ገባ። ላፕቶፑ ላይ ሲያነብ፣ ሲያነብ ቆየ። ቡናው ሲቀዘቅዝ አየሁት።

"ልክ ናት" አለ በመጨረሻ። "ስንቱን ሰው ሠርቼ የቤቴን አበላሸሁ... በአንቺ ስም የተቀነሰልንን የታክስ ገንዘብ እንመልሳለን፣ አታስቢ። ለእሷ ማን ይንገራት?"

"እኔ" አልኩት። እንደዚያ ያልኩት ግን ለምንድን ነው?

እሑድ፣ ማርች 15

እማ እቃ እያጠበች ነገርኳት። እጇ አረፋ ውስጥ እንዳለ ቆመ።

"ታዲያ የእህቴ ልጅ ብለን እንቀይረዋ።"

"እሱም አይሆንም አሉ... በቪዛዬ ምክንያት ነው። ገንዘቡን ደግሞ ጋሼ..."

"ገንዘቡን አታንሺብኝ። ነገ ይውሰዱት።" ሳህኑን ያዘች፣ መልሳ ተወችው። "ሴትዮዋ ስትጠይቅሽ ምን አልሻት?"

"ስለ ምን?"

"ስለ እኔ።"

"አክስቴ ናት... አልኳት።"

ግን እናቴ ናት ብያለሁ። እሱን ልጨምር አፌን ስከፍት ቧንቧውን ከፈተችው። ውሃው ይጮኻል። የእኔ ድምፅ ደግሞ... የእኔ ድምፅ መች ይሰማል? ጮክ ብሎ መናገር ምን ነበረበት? ማንም በሌለበት አሁን እየደጋገምኩት ነው።

ረቡዕ፣ ማርች 18

ቁርስ ላይ ስለ በረዶው አወራን።

ቅዳሜ፣ ማርች 28

ጋሼ የማስተካከያውን ፎርም ከፈተ። ስሜን አጠፋው። ከታች አንድ ሳጥን አለ፣ የተቀየረው ለምን እንደሆነ አስረዱ ይላል። "እንግሊዝኛው ያንቺ ይሻላል፣ ጻፊልኝ" ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። እማ ጠረጴዛው ዳር ተቀምጣለች፣ የሥራ ልብሷን አልቀየረችም።

ጻፍኩ። አጭር ነው።

"ምን ብለሽ ጻፍሽ?" አለችኝ።

"እንዲሁ... ምክንያቱን።"

"አንብቢልኛ። በአማርኛ።"

ጋሼ፣ "ተይ እንጂ ስመኝ" አላት። "የምፈርምበትን ልወቅ እንጂ" አለችው።

አነበብኩላት። "ሔራን ልጃችን አይደለችም። በተማሪ ቪዛ ያለች የእህት ልጅ ናት። ልጅ ተብላ የተሞላችው በስህተት ነው።"

"መጨረሻውን ድገሚልኝ።"

"በስህተት ነው።"

"እሺ" አለች። ፈረመች። ፊርማዋ ሁሌ ትልቅ ነው፣ ዛሬም ያው ነበር። ተነሥታ ልብሷን ልትቀይር ገባች።

ቪዛዬን ብቻ መጻፍ እኮ ይበቃ ነበር። ልጃችን አይደለችም ብለሽ ጻፊ ያለኝ ማንም የለም። ከእኔ ነው የወጣው። ጥሩ እንግሊዝኛ እንዲሆን ብዬ... ለማን?

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 1

የራሴን ፎርም ጨርሼ ፖስታ ቤት አስገባሁ። አማካሪዋ "በጣም ጎበዝ፣ ሁሉም ነገር ልክ ነው አሁን" አለችኝ። ፍርዶስ ደግሞ፣ "ይኸው፣ ሞትሽ እንዴ?" አለችኝ። ሳቅኩላት።

እሑድ፣ ኤፕሪል 12

ቸርች ውስጥ አዲስ የመጡ ሴትዮ እማን ሰላም አሏት። እኔን አይተው፣ "ልጅሽ ናት?" አሏት። እማ ወደ እኔ ዞረች። እንድመልስ ጠበቀችኝ። እውነቴን ነው፣ ጠበቀችኝ... እኔ መሬት መሬት አየሁ። ሰው ሲያየኝ እንደዚያ ነው የማደርገው፣ ታውቃለች። ዛሬ ግን እንደማታውቅ ሆነች።

"የእህቴ ልጅ ናት" አለቻቸው። "ተማሪ ናት።"

ዓርብ፣ ኤፕሪል 17

የክፍሌ በር ተንኳኳ። ጋሼ መስሎኝ ነበር። "ልግባ?" የሚለው ድምፅ የእማ ነው። ይሄን በር አንኳኩታ አታውቅም። የታጠበ ልብሴን ይዛ በክርኗ ትገፋውና፣ "የዚህ ካልሲ ጓደኛ የት ገባ? መሬት ላይ ያለው ምንድን ነው? የሰው ልጅ ነው እዚህ የሚተኛው?" እያለች ነበር የምትገባው።

"ግቢ" አልኳት። በገዛ ቤቷ እኔ ግቢ አልኳት።

ልብሱን አልጋዬ ጫፍ ላይ አስቀመጠችልኝ። ካልሲዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተጠቅልለዋል። "ጥናት ይዘሻል፣ አላስቸግርሽ" አለችኝ። ጃኬቴ መሬት ላይ ወድቋል፣ በሩ መሃል ላይ። ስታየው አየኋት። አሁን ትቆጣኛለች ብዬ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ... ጠበቅኩ።

እንዳትረግጠው ዞራው ወጣች።