ለሁሉም አንድ መጠሪያ

ወንድማችን የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በሚገኝ ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ተወለዱ። ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ ነበሩ። በሰፈሩ ትምህርት ቤት ተምረው በሃያ ዓመታቸው ሬዲዮ ጣቢያ ተቀጠሩ። መጀመሪያ ገመድ ዘርጊ ነበሩ። ድምፃቸው ስለተወደደ ዜና አንባቢ፣ ቀጥሎም የምርጫ ክርክር መሪ ሆኑ። ተናጋሪ ሰዓቱን ሲጨርስ የጠረጴዛ ደወል ስለሚመቱ አድማጭ «ጋሽ ደወሉ» ይላቸው ነበር።

በሃያ ስምንት ዓመታቸው መምህርት ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ወለዱ። ባለቤታቸው ክርክሩን ከቤት ሆነው ይከታተሉ ነበር። አንድ ቀን እራት ላይ፣ «ለሚኒስትር ‹ክቡርነትዎ፣ ካላስቸገርኩ› ትላለህ። ለሌላው ‹በቃ፣ ጨርስ›። ደወሉም ሰው እያየ ነው እንዴ የሚጮኸው?» አሏቸው። ከዚያ ወዲያ ስቱዲዮ የገባ ሁሉ፣ ሹምም ይሁን ሥራ ፈት፣ መጠሪያው «ተወዳዳሪ» ብቻ ሆነ።

አንድ ሚኒስትር ግን ይህን አልወደዱትም። ለምክር ቤት ምርጫ ሲከራከሩ ተፎካካሪያቸውን፣ ነርስ የነበሩትን ሴት፣ «ስሚ ልጄ፣ መንግሥት ሥራ አለበት» አሏቸው። ወንድማችን ደወሉን መትተው «ተወዳዳሪ፣ እዚህ ልጅ የለም» አሉ። በማግስቱ በሬዲዮ ይቅርታ እንዲጠይቁ ታዘዙ። እምቢ አሉ። ካሴት መጋዘን ወርደው ስድስት ዓመት አቧራ አራገፉ።

ጊዜው ተለወጠና ነርሷ ከንቲባ ሆኑ። ወንድማችንን ወደ ወንበራቸው የመለሷቸው እርሳቸው ናቸው። በሚቀጥለው ምርጫ ከንቲባዋ ከአንድ ወጣት አናጢ ጋር ሊከራከሩ መጡ። አናጢው የሰፈሩ ውኃ ለምን እንደሚጠፋ ጠየቀ። ከንቲባዋም «አንተ ልጅ፣ የቢሮ ሥራ መቼ ታውቅና ነው?» አሉት።

በመስታወቱ ማዶ ያሉት ቴክኒሻኖች ሁሉ ወንድማችንን አዩ። ወንድማችን የከንቲባዋ ውለታ አለባቸው፤ ሁለት ልጆቻቸው ገና ተማሪ ናቸው፤ መጋዘኑም የት እንዳለ ያውቁታል። ደወሉን መቱ።

«ተወዳዳሪ፣ ዛሬም እዚህ ልጅ የለም» አሉ።

ከንቲባዋ ወደ አናጢው ዞሩና «ተወዳዳሪ፣ ጥያቄዎን ይድገሙልኝ፤ አልሰማሁዎትም» አሉ። ወንድማችን ጡረታ እስኪወጡ ከዚያ ወንበር የነካቸው አልነበረም።

ሁለት ዓመት በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ባለፈው ረቡዕ ጠዋት ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት በቤታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆችንና አምስት የልጅ ልጆችን ትተውልናል።

ሰውን ከሰው ሳያበላልጡ ሲያናግሩ ኖረው ደክመዋልና፣ ፈጣሪ ነፍሳቸውን በጸጥታ ያሳርፍልን።