ስም ያልተጠራበት ጥሪ

ይድረስ ለእማ የመጨረሻ ልጅ፣ ለእኔም አንድ ለሆንከው ወንድሜ ለመሐሙድ፤

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሃል ወንድም ዓለም? ሰውነትህ እንዴት ነው? እርሻው ላይ ቱቦ ስትጎትት የያዘህ ወገብህ ለቀቀህ ወይ? ሙቀቱስ በረድ አለ? አሠሪህ አሁንም እንደዚያ ይቆጣል ወይስ ልቡ ራራ? ምግብህን ራስህ እንደምታበስል ነግረኸኛል፤ ወጥ ማሳረርህን እንዳልተውክ ግን ሳላይህም አውቃለሁ። ያረረውንም ቢሆን ብላው፣ ከስተህ እንዳትቀር።

ደብዳቤ ሲጻፍ «ከናፍቆትህ በቀር ሁላችንም ደህና ነን» ማለት ወጉ ነው። እኔም እንደዚያ ብዬ ጀምሬ ወረቀቱን ቀደድኩት። ባለቤቴ አብዱራህማን ደህና ነው፣ ልጄ አሚራም ደህና ናት፣ እኔም ቆሜ እሄዳለሁ። እማ ግን ደህና አይደለችም። ደንግጠህ ወረቀቱን እንዳትጥለው፤ እማ በሕይወት አለች፣ እህል ትቀምሳለች፣ ሶላቷን ትሰግዳለች። ነገሩ ሌላ ነው። እማ አንተን ሞቷል ብላ ሐዘን ከተቀመጠች ወራት አልፈዋል። በሕይወት አለ ብንላት አታምነንም።

እስካሁን ያልነገርኩህ ጨክኜብህ አይደለም። «እማን አገናኙኝ» ባልክ ቁጥር «ሶላት ላይ ናት»፣ «ጎረቤት ሄዳለች» እያልኩ ስሸኝህ ከረምኩ። ድምፅህን ስሰማ «እናትህ ሞተሃል ብላለች» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፤ ሆዴም ከዚህ በላይ አልቻለም። የጋሽ ንጉሡ ልጅ አስቻለች ለሥራ ወደ እናንተ አገር ልትመጣ መሆኑን ስሰማ ጊዜ ይህን ጽፌ በእጇ ሰደድኩልህ።

ሁሉም የመጣው ከሥራዬ ነው። የከተማችን የፕላንና የማኅበረሰብ ልማት ክፍል ኃላፊ ሆኜ የተሾምኩ ጊዜ እንዴት እንደሳቅክብኝ አልረሳውም። የሰው አጥር ዘልላ ኮክ ስትለቅም ያደገች ልጅ ዛሬ የሰው አጥር ልትለካ ነው ብለህ ነበር። እውነትም ሥራዬ አጥር ሆነ። ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ በየክረምቱ በታች ሰፈር ቤቶች መሐል እንደሚያልፍ ታውቃለህ። ካቻምና ክረምት አንድ ሕፃን ከነመኝታው ወሰደና ጠዋት ከድልድዩ ሥር አገኘነው። የዚያን ልጅ እናት ካየሁ ወዲያ ሌላ ሥራ አልታይ አለኝ። መፍትሔው አንድ ሰፊ ቦይ ነበር፤ ከላይ ጀምሮ በእኛ ሰፈር፣ በእማ ደጅና በወይራው አጠገብ አልፎ ወንዙ የሚገባ። ለዚህም በመስመሩ ላይ ያለ አባወራ ሁሉ ከጓሮው ቆረጥ አድርጎ መሬት መልቀቅ ነበረበት፤ ያ ደግሞ ሳይመከርበት የሚሆን አይደለም።

ማን ይምጣልህ! ማስታወቂያ ለጠፍን፤ በባጃጅ ድምፅ ማጉያ ጭነን ዞርን። ስብሰባው ላይ የተገኙት የራሴ ሠራተኞችና ካፊያ የሸሹ ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ። ሰው በስብሰባ ተሰላችቷል፤ አልፈርድበትም። ግንቦት ሊያልቅ ነው፣ ደመናው ተራራው ላይ መቆለል ጀምሯል፣ ያ ሕፃን ደግሞ ከዓይኔ አልጠፋ ብሏል።

እኛ ሰፈር እስላሙም ክርስቲያኑም የማይቀርበት ጥሪ አንድ ነው፤ የመቀባበሪያ ማኅበራችን የቅሬው። ቅሬ ሲጠራ አራሹ በሬውን ይፈታል፣ ነጋዴው ሱቁን ይዘጋል፣ የተጣላም ጎን ለጎን ቆሞ ይቀብራል። እኔም ብልህ የሆንኩ መስሎኝ የቅሬው ለፋፊ ጋሽ ንጉሡ ቤት ሄድኩ። ነገ ማለዳ ሰዉን ወይራው ሥር እንዲጠሩልኝ፣ ስብሰባ የሚል ቃል ግን ጨርሶ እንዳያነሡ ነገርኳቸው። ስብሰባ ካሉማ ማን ይወጣል? ሹም ሆኜባቸዋለሁ፣ በዚያ ላይ በእጃቸው ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ እምቢ ማለት ከበዳቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ። እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልሆነም።

ጥሪው እንዴት እንደሆነ መቼም አትረሳውም። ሰው እዚሁ ቀዬው ላይ ሲሞት ለፋፊው ስሙን ጠርቶ ነው ቅሬ ውጣ የሚለው። ስም ያልጠራ እንደሆነ የሞተው በሰው አገር ነው፤ ቤተሰቡ ገና አልሰማም፣ ሕዝቡ ተሰብስቦ በማለዳ ሊያረዳው ነው። ልጆች ሳለን ስም የሌለው ጥሪ ስንሰማ ልጅ የሰደደች እናት ሁሉ ከደጇ ወጥታ ሰዉ ወዴት እንደሚታጠፍ በፍርሃት ስትመለከት አይተናል። ይህን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። ያን ሰሞን ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ከቦዩ መስመር በቀር ምንም አልነበረም።

ጋሽ ንጉሡ ጎህ ሲቀድ ጉብታው ላይ ወጡና «ቅሬ ውጣ! ቅሬ ውጣ!» አሉ። ስም የለም። በዚያ ጊዜ ኔትወርክ ጠፍቶ ድምፅህን ከሰማን ሰንብተን ነበር። እማ ሱብሒ ሰግዳ መስገጃዋ ላይ እንደተቀመጠች ሰማች። ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ሰውን የምትለየው በኮቴው ነው። ሰዉ ድምፁን አጥፍቶ ወደ ወይራው፣ ማለትም ወደ እሷ ደጅ ሲመጣ ኮቴውን አዳመጠች። እኔ ከፊት ነበርኩ፤ የእኔንም ለየችው። ልጇ በማለዳ፣ ሕዝብ አስከትላ፣ ሳትጣራ ስትመጣ ሌላ ምን ብላ ትጠርጥር? በሩን ከፍታ «መሐሙዴን!» አለችና ደጃፉ ላይ ወደቀች። ሴቶቹ መርዶው የማን እንደሆነ ከእሷ አፍ የሰሙ መሰላቸውና ተከትለው ጮኹ። ወንዱም አለቀሰ። ወንድሜ፣ አገር ሙሉ ሰው አለቀሰልህ። እኔ መሐል ቆሜ «ስብሰባ ነው! ስብሰባ ነው!» እል ነበር፤ የሚሰማኝ አላገኘሁም።

እውነቱ ሲታወቅ ሰዉ እንዴት እንደተቆጣኝ አልነግርህም። የቅሬው ዳኛ ሼህ ሙሐሲን የሞት ጥሪ ለቦይ አይጠራም አሉና ወደ እማ ገቡ። በኋላ ቅሬው ፈረደብኝ፤ ወይራው ሥር ቆሜ ሕዝቡን ይቅርታ ጠየቅሁ፣ እነሱም አውፍ አሉኝ። ጋሽ ንጉሡ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አልለፈፉም፤ ጉሮሮዬ እምቢ አለ ይላሉ፣ ሌላ ሰው ተተክቷል። ቦዩንም እዚያው ተስማሙበት። የሞተ የለም ሲባል ሰው ልቡ ይርሳል መሰለኝ፣ መሬቱን የነፈገ አልነበረም።

እማን ግን የሚያሳምን ጠፋ። የእቴ ስመኝን ልጅ ነገር ታስታውሳለህ? ባሕር ሲሻገር ቀርቶ ዘመድ ለእናቱ ሳይነግር ዓመት ያህል ደበቀ። የአጎቱ ልጅ በእሱ ስም እየደወለ «እማዬ ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይላት ነበር። እማ ከደባቂዎቹ አንዷ ነበረች። እቴ ስመኝ ሕልሜ ከፍቷል ባለች ቁጥር «ደህና ነው፣ ትናንት እኮ ደውሏል» ብላ የምታጽናናት እሷ ነበረች። አሁን እኔ ያንኑ ቃል ስነግራት «እኔም ለስመኝ እንዲሁ ነበር የምላት» ትለኛለች። እቴ ስመኝ ራሷ መጥታ ምላ ነገረቻት። እማ እጇን ይዛ ብድሬን ልትመልሺ መጣሽ ብላ አለቀሰች።

ኔትወርኩ የተመለሰ ዕለት አገናኘሁህ። «እማ፣ እማ» እያልክ ቆየህ፣ እሷም ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሰማችህ። እኔ አሁን አለቀ ብዬ ነበር። ከዚያ ስልኩን መለሰችልኝና «የማንም ልጅ ይሁን ድምፁ ደስ ይላል፤ አላህ ለእናቱ ያኑርላት» አለች። «እማ ምነው ዝም አለች?» ብለህ ስትጠይቀኝ ጉንፋን ይዟት ነው ያልኩህ ያን ጊዜ ነው።

ሰደቃህን አውጥታለች። በክረምት የምትለብሳት ያቺን ቡናማ ጃኬት ለአንድ ሚስኪን ሰጠችብህ፤ ገበያ ላይ ከኋላ አየሁትና አንተ መስለኸኝ ተከተልኩት። ከሁሉ የከበዳት ግን የቅሬው ነገር ነው። ሼህ ሙሐሲን ለሕያው ሰው የለቅሶ ተዕዚያ አንቀመጥም አሉ፤ ልክ ናቸው፣ ማንም ቢሆን ሌላ አይልም። እሷ ግን «የስንቱን ሐዘን ስደርስ ኖሬ የልጄን ጊዜ ቅሬው ነፈገኝ» ብላ ከግድግዳው ሥር ብቻዋን ተቀምጣለች። ሐዘን ለብቻ ሲሆን እንዴት እንደሚያስፈራ በእሷ አየሁት። ጎረቤት ለሰላምታ ብቅ ሲል ለቅሶ የደረሳት እየመሰላት ፈጥና ቦታ ትለቃለች።

ቦዩ ተጠናቀቀ። በሰኔ ወጣቱ በደጇ ሲቆፍር የዶማውን ድምፅ ሰምታ «አስከሬኑ መጣ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ባለፈው ክረምት ታች ሰፈር ጎርፍ አልገባም፤ የዚያ ሕፃን እናት አቅፋኝ መረቀችኝ። ከበላይ የመጡ ሰዎችም ሥራውን ጎብኝተው በሕዝብ ተሳትፎ የተገኘ ምርጥ ተሞክሮ ነው አሉ። መድረክ ላይ አስነሥተው ይህን ሁሉ ሰው በምን ዘዴ እንዳስወጣሁት እንድናገር ጠየቁኝ። ጥሪ አስተላልፈን ነው ብዬ ተቀመጥኩ። አጨበጨቡልኝ። የሰጡኝን የምስክር ወረቀት አሚራ ግድግዳ ላይ ልስቀል ስትለኝ ከለከልኳት። ቦዩ ባይቆፈር ይሻል ነበር አልልህም፤ ሕፃናት ተርፈውበታል። የእኔ እናት ግን በዚያ ቦይ ሄደች።

መሐሙዴ፣ ና። ኮንትራትህ ሳያልቅ አሠሪህ እንደማይለቅህ አውቃለሁ። ያም ሆኖ እግሩ ላይ ወድቀህም ቢሆን ለምነው፤ እናቴ ቀብራኛለችና በቁሜ ልታየኝ ይገባል በለው። ቪዲዮ ብንል ዓይኗ አያይ፣ ድምፅ ብንል አታምን። የቀራት እጇ ብቻ ነው። ከአጥሩ ወድቀህ ግንባርህ ላይ የቀረችውን ጠባሳ በጣቷ ከዳሰሰች ሺህ ሰው ቢመሰክርም የማይሆነው ይሆናል። ፈጽሞ አልለቅም ካለህ ደግሞ ስትሠራበት የዋልከውን ሸሚዝ ሳታጥብ ላክልን። ይህ የሼህ ሙሐሲን ምክር ነው፤ እናት የልጇን ላብ ከሺህ ትለያለች ይላሉ። እባክህ ሳሙና እንዳታስነካው፤ ንጹሕ ነገር መላክ ትወድ እንደነበር ስለማውቅ ነው። ብቻ ፍጠን። ጉንጮቿ ገብተዋል፣ የምትቀምሰው እህል ከቀን ወደ ቀን እያነሰ ነው።

አብዱራህማን ሰላም ይልሃል፤ ለአሠሪህ የሚሆን ለስላሳ ቃል በዐረብኛ አስጽፌ ልላክለት ወይ ብሏል። አሚራ አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች፤ አንተ የሄድክ ጊዜ ያልነበራት ጥርስ ሁሉ በቅሎላታል። ሼህ ሙሐሲን ዱዓችን አይለይህ ብለዋል። ጋሽ ንጉሡ ሰላምታቸውን ሲልኩ አንገታቸውን ደፍተው ነው፤ አንተም ስትመልስላቸው ረጋ ያለ ቃል ጻፍላቸው፣ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሳቸው አይደለም። እቴ ስመኝ በልጄ ቦታ ሆኖ ይምጣልኝ ብላሃለች።

እማንም ጠየቅኋት። ለመሐሙድ ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው፣ ምን ብላሃለች ልበለው አልኳት። «ለሞተ ሰላምታ አይላክም ልጄ፤ ዱዓ ነው የሚላከው። አላህ ቀብሩን ኑር ያድርግለት» አለች። ከልማድ አሚን ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

እህትህ ኡምኩልሱም

መካነ ሰላም
ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.