ነፋስ ሠራሽ ተብላ ስለ ተቀጣችው ልጄ

ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ለተከበሩ ግራዝማች ወልደ ጻድቅ
የትምህርት ቤታችን ኮሚቴ ሊቀ መንበርና የአጥቢያችን ዳኛ
ሰቆጣ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ ጉልበትዎን ያጽናልን፤ ዐይንዎም ይህን ደብዳቤ ለማንበብ የበቃ ይሁን። ሌላ ሰው የሚያነብልዎ እንደ ሆነ ግን ከመሐል እየዘለለ እንዳያነብብዎ ዐደራ እላለሁ። እኔ ደኅና ነኝ፤ የእግር ብረቱ የበላው ቁርጭምጭሚቴም ሽሯል። ልጄ አገኘሁሽ ከቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች በቀር የጎደለባት ነገር የለም።

የምጽፍልዎ ቀጥቃጩ ይግዛው ገብረ አማኑኤል ነኝ። ቀጥቃጭ ከመቼ ወዲህ ይጽፋል ብለው እንዳይገረሙ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት በጦር ሠራዊት የመሣሪያ ጥገና ክፍል ሳገለግል ጠመንጃ መፍታትና ፊደል መቁጠር አብሬ ተምሬያለሁ። የእርስዎን ጠመንጃ ሁለት ጊዜ ጠግኜ መልሼልዎታለሁ። ሁለት ጊዜም እጄን ላለመንካት በኩታዎ ጫፍ ይዘው እንደ ተቀበሉኝ አልዘነጋሁትም። ዛሬ የምጽፈው ግን ለወቀሳ አይደለም፤ ያደረጉልን በጎ ነገር ስለ በዛ በቃል ላመሰግንዎ ባልችል ነው።

፩ኛ/ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች የእጅ ሥራ ትምህርት እንዲማሩ ስላደረጉ አመሰግናለሁ። መጋዙ፣ መላጊያው፣ ሞረዱና ሞርሳው በሣጥን ሆነው ከደሴ በጭነት መኪና በመጡ ዕለት እርስዎ በተማሪዎች ፊት ቆመው በእጅ መሥራት ክብር መሆኑን ነገሩን። እኔ ከግቢው አጥር ሥር ቆሜ እሰማ ነበር። እንዲህ ያለ ቃል ከባላባት አፍ ስሰማ በዕድሜዬ የመጀመሪያው ስለ ነበር ቤቴ ገብቼ ለሚስቴ ሁለት ጊዜ ነገርኋት፤ እርስዋ ግን አላመነችኝም።

፪ኛ/ መምህር ብዙነህን ስለ ሰጡን አመሰግናለሁ። ከደብረ ማርቆስ የመጡ፣ አገውኛ የማይሰሙ፣ ጎበዝ ሰው ነበሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ተማሪዎቹ ከቀጥቃጭ ልጅ ጋር በአንድ ጠረጴዛ አንሠራም ቢሉ፣ መምህሩ ሞረዱን ሁሉ ሰብስበው አገኘሁሽ ፊት አስቀመጡና የፈለገ ከእርስዋ ይለምን አሉ። በሦስተኛው ቀን ጠረጴዛው ሞላ። ከሁሉ ቀድሞ የመጣው የእርስዎ ልጅ ምትኩ ነበር።

አገኘሁሽ መጀመሪያ በርጩማ ሠራች። እግሩ ስለ ተወላገደ መምህሩ ሁለት ጊዜ አስፈትተዋታል። ቀጥላ ከጣሳ ኩራዝ ሠራች። በኅዳር ግን መምህሩ እያንዳንዱ ተማሪ የቤተ ሰቡን ድካም የሚያቀል አንድ ነገር እንዲሠራ አዘዙ። እርስዋም በአውድማ ላይ ነፋስ እየጠበቁ የሚውሉትን ሰዎች አስባ የእህል ማናፈሻ ጀመረች። የጣውላ ሣጥን ነው፤ በውስጡ ከዘይት ቆርቆሮ የተቆረጡ አራት ክንፎች በብረት ዘንግ ላይ ይዞራሉ። አንዱ እጀታውን ሲያዞር ሌላው እህሉን ከላይ ያፈስሳል፤ እብቁ በአንድ ወገን ይበናል፣ ምርቱ ከታች ይወርዳል። እኔ የረዳኋት ዘንጉን በመቀጥቀጥ ብቻ ነው። መጀመሪያ የሠራችው እህሉንም ከእብቁ ጋር ጠርጎ በተነው። ተቀምጣ አለቀሰች፤ ከዚያም ክንፎቹን ፈትታ አሳጠረቻቸው። እጀታውን ሲያዞርላት የነበረው ምትኩ ነው።

፫ኛ/ ታኅሣሥ ሦስት ቀን ወላጆችን ጠርተው የተማሪዎቹን ሥራ እንድናይ ስላደረጉ አመሰግናለሁ። የዚያን ዕለት ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ አልነበረም። አገኘሁሽና ምትኩ የሁለት ገበሬ ጤፍ በሕዝብ ፊት አናፈሱ። እብቁ በኖ አጥሩ ላይ ተለጠፈ፤ ጤፉ ጠርቶ ወረደ። ሕዝቡ ዝም አለ። እኔ ዝምታው የአድናቆት መስሎኝ ነበር። ከኋላዬ አንድ ሰው በአገውኛ፣ «ነፋሱን ከየት አመጣችው?» ብሎ ጠየቀ። ሌላው የቀጥቃጭ ልጅ አይደለችም ወይ ሲል መለሰለት። መምህር ብዙነህ የተመሰገኑ መስሏቸው ለሁለቱም እጅ ነሡ።

፬ኛ/ አሁን ዋናው ምስጋናዬ ወደሚገባበት ደረስሁ። በአራተኛው ቀን ምትኩ ታመመ። ተንቀጠቀጠ፣ ነደደ፣ የማይያዝ ነገር ተናገረ። ልጁ በኅዳር ውስጥ ሁለት ሳምንት አበርገሌ ወርዶ የእርስዎን ማሽላ ሲያስጠብቅ እንደ ከረመ አገር ያውቃል። በቆላ ወባ እንዳለም አገር ያውቃል። ክሊኒኩ ከቤትዎ ከሩብ ሰዓት መንገድ አይርቅም። እርስዎ ግን ወደ ክሊኒክ ሰው አልላኩም። የእርሻዎ አዛዥ በዛብህን ከሰባት ጎረምሶች ጋር ወደ ትምህርት ቤት ላኩ፤ የቀጥቃጩ ልጅ በዐይኗ በልታዋለችና አምጧት ብለው።

መምህር ብዙነህ በክፍሉ በር ላይ ቆሙ። ልጅቱ ተማሪያቸው መሆኗን፣ በትምህርት ሰዓትም ለማንም እንደማይሰጧት ነገሯቸው። በዛብህ ዐረፍተ ነገሩን አላስጨረሳቸውም፤ በዱላ አገጫቸውን መታቸው። አጥንቱ ሲሰበር የሰሙ ልጆች እንጨት የተሰበረ መስሏቸው እንደ ነበር ነግረውኛል። ሁለት ጥርሳቸው ከመላጊያው አጠገብ፣ ፍቅፋቂው ላይ ወደቀ። አገኘሁሽን በጠጉሯ ጎትተው፣ በገበያው መሐል አሳልፈው፣ ከግቢዎ አስገቧት።

እርስዎ ወንበርዎ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጎረምሶቹ በርበሬ በእሳት ላይ በትነው ጭንቅላቷን በላዩ ደፉት፤ በብርድ ልብስ ሸፈኗት፤ ማንን እንደ በላች እንድትናገር በዱላ ጀርባዋን እየመቱ ጠየቋት። ሦስት ጊዜ ሸፍነው ሦስት ጊዜ ገለጧት። ሦስት ጊዜም የመለሰችው አንድ ነገር ነው፤ «እኔ የሠራሁት ሣጥን ነው።»

ከዚያ በዛብህ ማናፈሻውን አምጥቶ ከፊትዎ አኖረው። እርስዎም በገዛ አንደበትዎ፣ «ነፋሱን ያመጣችበትን እጅ ነፋሷ ይብላው» አሉ። ሁለት ጎረምሶች ክንዷን ይዘው እጇን በክንፎቹና በጣውላው መካከል አስገቡት። በዛብህ እጀታውን በሙሉ ጉልበቱ አዞረው። ዘንጉ ጠንካራ ነበር፤ እኔ ራሴ ነኝ የቀጠቀጥሁት።

፭ኛ/ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ሌላ ሰው አጣሞ ከሚነግርብኝ ራሴ ልናገረው። ወሬው ሲደርሰኝ መዶሻዬን እንደ ያዝሁ ሮጥሁ። ግቢዎ ስገባ የጠየቅሁት ሰው የለም። የበዛብህን ክንድ ከክርኑ በታች ሁለት ቦታ ሰበርሁት። አንዱን ጎረምሳ ትከሻውን መታሁት፤ እስከ ዛሬ ክንዱን አያነሣም። ከዚያ ወደ እርስዎ ዞርሁ። መዶሻውን በራስዎ ላይ አንሥቼ ነበር፤ እርስዎም ዐይንዎን ጨፈኑ። ልገድልዎ ነበር፤ ይህን በማንም ፊት አልክድም። ያን ጊዜ አገኘሁሽ ከመሬት ላይ ጠራችኝ። የጠራችኝ ቀስ ብላ ነበር።

«አባ፣ እጄን እሰርልኝ» አለችኝ።

መዶሻውን ጣልሁት። ነጠላዬን ቀድጄ ተንበርክኬ አሰርሁላት። ሳስር ጎረምሶቹ ከኋላዬ ይመቱኝ ነበር፤ ቋጠሮው እስኪጠብቅ ድረስ ዘወር አላልሁም። በመጨረሻ ራሴን ስቼ ወደቅሁ። ማናፈሻውን በመጥረቢያ ፈልጠው ማቃጠላቸውን፣ ከዚያም ትምህርት ቤት ተመልሰው ጠረጴዛዎቹን ሁሉ ማንደዳቸውን በሌላው ቀን ሰማሁ።

፮ኛ/ ስለ ፍርድዎ ቅንነት እጅግ አመሰግናለሁ። በዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ባለቤትዎ ወይዘሮ ጥሩሐረግ እርስዎን ሳያስፈቅዱ ልጃቸውን በበቅሎ ጭነው ክሊኒክ ወሰዱት። ድሬሰሩ ወባ ነው ብሎ ኪኒን ሰጠው፤ በሦስተኛው ቀን ምትኩ ተነሥቶ ምግብ ጠየቀ። ይህን እያወቁ በሳምንቱ ችሎት ተቀመጡ። እኔን ሦስት ወር በእግር ብረት አሰሩኝ፤ በዛብህን ስለ ደረሰበት ጉዳት አጽናኑት። መምህር ብዙነህ አገጫቸው በሽቦ ታስሮ፣ ሾርባ በመቃ እየመጠጡ ወደ አገራቸው ተመለሱ። የእጅ ሥራ ትምህርቱንም ዘጉት፤ በቃለ ጉባኤው ላይ «ለተማሪዎች ደኅንነት ሲባል» የሚል ቃል አስጽፈዋል። ስለ ልጆቻችን ደኅንነት እንዲህ የሚጨነቅ ሊቀ መንበር በሌላ አውራጃ ይገኛል ብዬ አላምንም።

አገኘሁሽ በመጋቢት ወደ ክፍሏ ተመለሰች። እርሳሱን በአውራ ጣቷና በቀለበት ጣቷ መካከል ትይዘዋለች፤ መጀመሪያ ወረቀቱን ትቀድድ ነበር፣ አሁን አትቀድድም። ሌላ ነገር ለመሥራት ትፈልጊያለሽ ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር። ለጊዜው መዶሻ ሲወርድ ስትሰማ እንደምትደነግጥ ነገረችኝ። ስለዚህ እርስዋ ቤት በምትውልበት ቀን አልቀጠቅጥም። የአገሩ ማረሻ በጊዜው ሳይሳል ቢቀር ምክንያቱ ይህ መሆኑን ለገበሬዎችዎ ያስረዱልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

ከእግርዎ ሥር ወድቄ ሳይሆን፣ ቁርጭምጭሚቴ በደኅና ስለሚያቆመኝ ቆሜ እጅ የምነሣ፣ ሁለት ጊዜ ጠመንጃዎን ያበጀሁ፣ አንድ ጊዜም በሕይወት የተውሁዎ፣

ይግዛው ገብረ አማኑኤል
ቀጥቃጭ

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣
ለገበያው በር፣
ማንበብ ለሚችል ሁሉ።

ማስታወሻ፦ ወይዘሮ ጥሩሐረግና ምትኩ ከፋሲካ ወዲህ ጋዝጊብላ ከወንድማቸው ቤት መሰንበታቸውን፣ እርስዎም ለአየር ለውጥ ሄዱ ብለው ለሰው እንደሚናገሩ ሰምቻለሁ። እንዳያስቡ ብዬ ነው ይህን የምጨምረው፤ ሁለቱም ደኅና ናቸው። ምትኩ ከመሄዱ በፊት፣ አገኘሁሽ በተቀጣችበት ቀን ትኩሳቱ በረድ ሲልለት ከአልጋው ሆኖ በመስኮት ያየውንና ከአፍዎ የሰማውን ሁሉ በገዛ እጁ ጽፎ ሰጥቶኛል። ልጅ ነህ፣ አባትህም ናቸው፣ ሂድና አስብበት ብዬ መለስሁት፤ በማግሥቱ እናቱን ይዞ መጣ። በፍርድዎ ላይ ያቀረብሁትን ይግባኝ የደሴ ፍርድ ቤት ተቀብሎታል። ሐሙስ በሚወርደው የጭነት መኪና ከእኔና ከአገኘሁሽ ጋር አብረው ይሳፈራሉ። እርስዎም በዚያው መኪና ለመሄድ ቢያስቡ ከሾፌሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ለወይዘሮ ጥሩሐረግ ስለ ያዝን፣ ከኋላ ከእኛ ጋር በጭነቱ ላይ ቦታ እንለቅልዎታለን።