በኮሸሽላው ውስጥ ላሉ ሦስት ጫጩቶች ሃያ ቀን ስለመጠየቅ

ለአካባቢ ጽዳትና ውበት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቀን፦ ነሐሴ 14

ጉዳዩ፦ የአረም ማጨጃው ቀነ ገደብ እንዲራዘምልኝ ስለማመልከት

1. እኔ አመልካች በዚሁ ጽሕፈት ቤት ሃያ ስድስት ዓመት በግቢ ተቆጣጣሪነት አገልግዬ በጡረታ የተሰናበትኩ ነኝ። ባለፈው ሰኞ በራችን ላይ የተለጠፈው፣ ከጉልበት በላይ ያደገ አረም በሰባት ቀን ውስጥ ካልታጨደ ጽሕፈት ቤቱ ራሱ እንደሚያጭድ የሚገልጸው ማስጠንቀቂያ በእኔው እጅ የተረቀቀ ነው። ቆሜ ሳነበው እንከን አላገኘሁበትም፤ እንዲያውም ትንሽ ኮራሁ። የማን በር እንደሆነ ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው።

2. አረሙ መኖሩን አልክድም። ለተፈጥሮ አስቤ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ እውነቱ ግን ስንፍና ነው። ጡረታ እንደወጣሁ ማጭድ ገዝቼ ዛሬ ነገ እያልኩ ከረምኩ። ባለቤቴ ማጭዱን ሳሎን ሰቅላ ለእንግዳ ታሳየዋለች። በዚህ መሃል ሳማው ወገቤ ደረሰ፣ ቢራቢሮው በዛ፣ ኮሸሽላው ውስጥም አንዲት ወፍ ሦስት ጫጩቶች ፈለፈለች። ገና ላባ አላወጡም። ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ እነሱን ለማየት እወጣለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ያሳፍራል፤ ግን ወድጃቸዋለሁ።

3. ደንቡ ለእንዲህ ዓይነት ጉዳይ ማራዘሚያ አይፈቅድም። በረቂቁ ላይ የሚፈቅድ አንቀጽ ነበር። «ለሰነፎች በር ይከፍታል» ብዬ በቀይ እስክሪብቶ የሰረዝኩት እኔ ነኝ።

4. ጎጆውን ያሳዩኝ ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናቸው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት እሳቸውም በግቢያቸው ለነበረች ወፍ አሥር ቀን ለምነው ቢሮዬ መጥተው ነበር። ማመልከቻቸው ላይ «ምክንያቱ አጥጋቢ ሆኖ አልተገኘም» ብዬ ጽፌ በማግስቱ አጫጆች ላክሁባቸው። ጎጆው ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። አሁን ምን ይሻለኛል ብዬ ሳማክራቸው፣ «ይጻፉላቸዋ፤ መልሱን እንደሆነ ያውቁታል» አሉኝ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ የከበደኝም እሱ ነው።

5. ስለዚህ አጫጆቹ የፊታችን ሰኞ ከመምጣታቸው በፊት ሃያ ቀን እንዲፈቀድልኝ እለምናለሁ። ጫጩቶቹ እንደበረሩ ራሴ አጭዳለሁ፤ ማጭዱም ከነስለቱ አለ። የልብስ ሰፊዋ ማመልከቻ መዝገብ ቤት ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ የተዘጉ ጉዳዮች ሳጥን ውስጥ ይገኛል። እሱ ወጥቶ ከዚህ ጋር እንዲያያዝ፣ ቀድሞም የእሳቸው እንዲታይ አመለክታለሁ። ምክንያታቸው አጥጋቢ ነበር።

ከአክብሮትና ዘጠኝ ዓመት ከዘገየ ሰላምታ ጋር
(ፊርማ)
የቀድሞው ተቆጣጣሪ፣ የአሁኑ ባለ አረም