በሩ ሳይዘጋ የቀረው ሜዳ

ኅዳር 12፣ መሐል ሜዳ

አስቀድሜ ልጻፈው፤ ሥዕሉ ላይ አንድም ሰው የለም። ደብረ ብርሃን ሥዕል የምታስተምረው ልጄ ሰናይት መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት በሚኒባስ የላከችልኝ ቅጂ ነው። አንድ እንግሊዛዊ በጦርነት ጊዜ በውኃ ቀለም የሣለው የገጠር ሜዳ ነው፤ ያልታጨደ ሣር፣ ግራጫ ሰማይ፣ የተከፈተ የአጥር በር። በጀርባው "አባባ፣ ምን ይታይዎታል?" ብላ ጽፋበታለች።

ባለቤቴ አስካለ መነጽሬን ተቀብላ አየችው።

"እንደኛ ጓሳ፣ ጊዜው ሳይደርስ ማንም እንዳያጭደው ሣሩ ተከልክሎ ነዋ" አለች። "አጨዳ ሲፈቀድ ይመጣሉ።"

"የሚጠበቅ ሣር ከሆነ በሩን ክፍት ይተዉታል?" አልኳት።

"አንተ ደግሞ ሥዕልም ታርማለህ" ብላ ሳቀች። ከዚያ ሥዕሉን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። "ታዲያ ምን ቢያጣድፋቸው ነው ሳይዘጉት የሄዱት?"

ይህን ማስታወሻ አወጣሁ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ በሰናይት ሰፈር በኩል ተኩስ አለ ይባላል፤ ስልክም አይሠራም። ኔትወርኩ ሲመለስ የምልክላትን እዚህ ጻፍኩት፦ ልጄ፣ እኔ የታየኝ ጥለው የወጡት ሰዎች ናቸው። አንቺ ቤትሽ ነሽ ወይስ ወጥተሻል? ሌላው ይቆይ፤ ይህን ብቻ ቶሎ መልሺልኝ።